«ለዓይኔ ሄጄ ልብሽን ታዪ አሉኝ»

ጥያቄ፦

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጅማ፣ ከቆጪ ሰፈር ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። የቀኝ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ለኦፕሬሽን ቀጠሮ አግኝተን፣ ጠብቀን ጠብቀን ቀኑ ሲደርስ፣ ገና ወደ ክፍሉ ሳትገባ ግፊቷን ለኩና ‹190 በ110 ነው፤ ዛሬ አይሠራልሽም› ብለው መለሱን። ይኼ ሳያንስ፣ በጠብታ ብሌኗን አስፍተው ግራ ዓይኗን ካዩ በኋላ ‹ከጀርባ፣ ማኩላ የሚባለው ቦታ ላይ በዕድሜ የመጣ ለውጥ አለ፤ የደም ስሮቹም ላይ የግፊት ምልክት ይታያል። ልብሽን ታይተሽ፣ ግፊትሽን አስተካክለሽ ነይ› አሏት። እሷ አኩርፋለች። ‹ለዓይኔ ሄጄ የልብ በሽተኛ አርገው መለሱኝ፤ ከእንግዲህ አልሄድም፣ አላህ ያለው ይሁን› ብላ ቁጭ አለች። ግፊት እንዳለባት ከሦስት ዓመት በፊት ተነግሯት ኪኒን ጀምራ ነበር። ‹ሲሻለኝ ተውኩት› ትላለች። ወንድሜ ‹አዲስ አበባ እንውሰዳት፣ እዚያ ሳያንገላቱ ይሠሩላታል› ይላል። ውጭ አገር ያለችው አክስታችን የዓይን ቫይታሚን ልካለች። ጎረቤታችን ደግሞ ‹እኔን አሽሎኛል› ብላ የራሷን የዓይን ጠብታ ሰጥታታለች፤ ገና አልጀመረችውም። እውነት ዓይንና ልብ ይገናኛሉ? ወይስ እያመላለሱን ነው? ምን ላድርግ?»

ልጇ ነኝ፣ ከጅማ

መልስ፦

እህቴ፣

እያመላለሷችሁ አይደለም። ዓይንና ልብ ይገናኛሉ፣ ያውም በቅርብ። ያን ቀን «ዛሬ አይሠራም» ያሉት ሰዎች ለእናትሽ ውለታ ነው የዋሉላቸው። ይህን ስል ንዴታችሁን አቃልዬ አይደለም። ሌሊት ተነስቶ፣ ባጃጅ ተኮናትሮ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ በሩ ላይ ሲደርሱ «ተመለሱ» መባል ያናድዳል። ምክንያቱ ሳይብራራ «ልብሽን ታዪ» መባል ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ያለ ቃል አንዲት የ68 ዓመት እናት ጆሮ ሲደርስ «ልብሽ አልቆለታል» ተብሎ ነው የሚሰማው። ስለዚህ እዚያ ያልተነገራችሁን እኔ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ። አንቺ ደግሞ በሚገባቸው መንገድ ታወሪላቸዋለሽ።

መጀመሪያ የቁጥሩ ነገር። አንድ ሰው ግፊት አለበት የሚባለው በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲገኝበት ነው። 190 በ110 ከዚህ በጣም የራቀ ነው። ብዙ የዓይን ኦፕሬሽን ክፍሎች የላይኛው 180፣ የታችኛው 110 ከደረሰ፣ አስቸኳይ ያልሆነ ኦፕሬሽን አይጀምሩም። የሞራ ኦፕሬሽን አብዛኛውን ጊዜ ዓይን ብቻ ደንዝዞ፣ ሰውየው ነቅቶ የሚሠራ ነው። ዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ የራሱ ግፊት አለው። ዓይኑ ሲከፈት ያ ግፊት በአንዴ ይወርዳል። በዚያች ቅጽበት ከሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን የጀርባ ንጣፍ) ኋላ ያሉት ደም ስሮች በከፍተኛ ኃይል እየተገፉ ከሆነ ሊፈነዱ ይችላሉ። የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው። ሲያጋጥም ግን ዓይኑ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። በዚያ ላይ ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ በጀርባው ተኝቶ የፈራ ሰው ግፊቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም እዚያው አልጋ ላይ ሊመጣበት ይችላል።

ሞራ ግን ይጠብቃል። ጥቂት ሳምንታት በመዘግየቱ ዓይኑ አይበላሽም። በኋላም ሌንሱ ሲቀየር ሞራው የጋረደው ብርሃን ይመለሳል። የማይጠበቅበት ጊዜ አንድ ነው። ሞራው ያለበት ዓይን ድንገት ከቀላ፣ ክፉኛ ካመማቸው፣ ራሳቸውን ካመማቸውና ካስመለሳቸው፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የበሰለ ሞራ አብጦ የዓይኑን የውስጥ ግፊት ሊያንረው ይችላል።

አሁን ወደ ግራ ዓይናቸው። ሐኪሙ በጠብታ ብሌኑን አስፍቶ ወደ ውስጥ ሲያይ ምን አየ?

በሰው አካል ውስጥ ደም ስሮችን ሳይቆርጡ፣ ሳይወጉ፣ በቀጥታ ማየት የሚቻለው ሬቲና ላይ ነው። ሌላው ቦታ በአብዛኛው በቆዳ፣ በሥጋ ወይም በአጥንት ተሸፍኗል። ይህ የታወቀው ጀርመናዊው ኸልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 የዓይን መመልከቻውን መሣሪያ ካስተዋወቀ ወዲህ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ማርከስ ጋን የተባለ የዓይን ሐኪም የግፊት ሕመምተኞችን ዓይን እያየ አንድ ነገር አስተዋለ። ደም ወሳጁ በደም መላሹ ላይ ተሻግሮ በሚያልፍበት ቦታ፣ የጠነከረው ደም ወሳጅ ደም መላሹን ይጫነዋል። ደም መላሹም በሁለቱም ወገን ቀጥኖ፣ የተቆረጠ መስሎ ይታያል። ግፊቱ እየቆየ ሲሄድ የደም ወሳጁ ግድግዳ ይወፍራል። ብርሃን ሲያርፍበትም የመዳብ ሽቦ ይመስላል። ሲብስ ደም ይቋጥራል፣ ነጫጭ ነጥብ ይታያል። በመጨረሻ የዓይን ነርቭ ራሱ ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ1939 አሜሪካ ውስጥ ሦስት ሐኪሞች ይህን በአራት ደረጃ ከፋፈሉት። ደረጃው በጨመረ ቁጥር በሕይወት የመቆየት ዕድሉ እንደሚቀንስም አሳዩ። ያኔ ለግፊት ይህ ነው የሚባል መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ አለ። ለዚህም ነው የእናትሽ ነገር ተስፋ የሚያስቆርጥ ያልሆነው።

እንግዲህ ሐኪሙ «የግፊት ምልክት አለ» ሲል፣ ያው ግፊት ልባቸውንም፣ ኩላሊታቸውንም፣ ጭንቅላታቸውንም እየነካ ሊሆን ይችላል ማለቱ ነው። ዓይናቸው ውስጥ ያሉት ደም ስሮች የጠነከሩት በአንድ ጀምበር አይደለም። የ«ሲሻለኝ ተውኩት» ዓመታት ውጤት ነው። ልብን ታዩ ያለው ስለዚህ ነው። «ልብሽ ታሟል» አላለም። ይታይ ነው ያለው።

መንገዱም አጭር ነው። ከልብ የወጣው ደም በአንገት በኩል ወደ ጭንቅላት ይወጣል። ከአንገቱ ትልቅ ደም ወሳጅ አንድ ቅርንጫፍ ተነጥሎ ወደ ዓይን ይገባል። ሬቲና ደግሞ በክብደቱ ልክ ሲታይ ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ኦክሲጅን አብዝተው ከሚጨርሱት አንዱ ነው። ደም ሲያጥረው ቶሎ ይታወቅበታል። አንገት ላይ ያለው ደም ስር በስብ ከጠበበ፣ ወይም የልብ ምት ተዛብቶ ልብ ውስጥ የረጋ ደም ከተቋጠረ፣ ቁራጩ ተነስቶ ዓይን ውስጥ ሊወተፍ ይችላል። ይህ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ችግር ብቻ አይደለም። በእኛ አገር በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የልባቸው በር የተጎዳ ብዙ ወጣቶች አሉ። እነሱም ላይ ይደርሳል።

ስለ ማኩላው ላንሳ። ማኩላ የሬቲናው መሃል ነው። ፊት የምንለይበት፣ ቁርኣን የምናነብበት፣ መርፌ ላይ ክር የምናስገባበት ቦታ ነው። በዕድሜ ብዛት ከሬቲናው ሥር ቢጫ ነጠብጣቦች ይጠራቀማሉ። ስብና ፕሮቲን ናቸው፤ ኮሌስትሮልም አለባቸው። አብዛኛው ሰው ላይ ቀስ እያለ የሚሄደው «ደረቁ» ዓይነት ነው። አንዳንዱ ላይ ወደ «እርጥቡ» ይለወጣል። ያኔ ደካማ ደም ስሮች ከሥር ይበቅላሉ፣ ያፈሳሉ፣ እይታ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይበላሻል። የመጀመሪያዎቹ አጋላጮች ዕድሜ፣ የቤተሰብ ዘርና ሲጋራ ናቸው። ሲጋራ ልብንም የሚገድል መሆኑን ልብ በይ።

ማኩላና ልብ ምን ያህል ይዛመዳሉ ለሚለው፣ ቀጥተኛው መልስ እንደ ዓይነቱ ይለያያል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኒው ዮርክ የሚገኘው የማውንት ሳይናይ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ከነጠብጣቦቹ መካከል ከተለመደው ቦታ ከፍ ብሎ፣ ሬቲናው ሥር የሚቀመጥ አንድ የተለየ ዓይነት አለ። ይህኛው ያለባቸው ሰዎች ከባድ የልብ ሕመም፣ የልብ በር ችግር ወይም ስትሮክ ያለባቸው ሆነው የመገኘታቸው ነገር ከሌሎቹ በጣም የበዛ ነበር። እነሱ እንደሚገምቱት፣ የደከመ ልብ ወይም የጠበበ ደም ስር ወደ ዓይን የሚሄደውን ደም ይቀንሰዋል። ዓይኑ ላይ ምልክት የሚተወው ያ እጥረት ነው። እንዲህ ያለው ነጠብጣብ በደንብ የሚለየው ኦሲቲ በሚባል የዓይን ምርመራ ማሽን ነው። የእናትሽ የትኛው እንደሆነ ከደብዳቤሽ አይታወቅም። ስለዚህ ማኩላቸው ስላረጀ ልባቸው ታሟል ብለሽ አትደምድሚ። ግን 68 ዓመት፣ ያልታከመ ግፊት፣ የተለወጡ ደም ስሮች፣ በላዩ የማኩላ ለውጥ አንድ ላይ ሲመጡ «ልብ ይታይ» ማለት ትክክለኛ ምክር ነው። እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው።

አንድ ነገር በጎን ልበል። እኛ አገር ዓይነ ስውርነት ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰን ትራኮማ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን ያመጣው ሞራ ነበር። የትራኮማ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ የማኩላ መጎዳት 4.8 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። ሰው ዕድሜው እየረዘመ፣ ግፊትና ስኳር እየበዛ ሲሄድ የማኩላና የሬቲና ነገር ማደጉ አይቀርም። ስኳርን ስላነሳሁ፦ እናትሽ ስኳር ተለክተው ያውቃሉ? ካላወቁ አሁን ይለኩ። ሞራን ያፋጥናል፣ ሬቲናን ያደማል፣ ልብንም ይጎዳል።

ምን ትሠሪያለሽ?

ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። የጤና መድን ካርድ ካላችሁ መነሻው እዚያው ነው፤ ሪፈሩም የሚጻፈው እዚያ ነው። ግፊቱ እንደገና ይለካ፣ መድኃኒት ይጀመር። የደም ስኳር፣ የኩላሊትና የሽንት ምርመራ፣ የልብን ምት የሚመዘግበው ኢሲጂ እንዲታዘዝላቸው ጠይቂ። ሲራመዱ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ እግራቸው የሚያብጥ፣ ልባቸው ድው ድው የሚል ከሆነ፣ ወይም ሐኪሙ ሲያዳምጣቸው የተለየ ድምፅ ከሰማ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ኤኮ የሚሉት ይጨመራል። ደረታቸውን ካመማቸው፣ አፋቸው ከተጣመመ፣ ግራ ከተጋቡ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ግን ነገን አትጠብቂ። በ190 ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲታከልበት የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው።

«ሲሻለኝ ተውኩት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለዚህ ዓምድ ከሚመጡ ደብዳቤዎች የማይጠፋ ነው። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም። ስለዚህ «ተሻለኝ» የሚባል ነገር የለውም። የቀነሰው በኪኒኑ ነበር። ደግሞ ብዙ እናቶች መድኃኒቱን የሚተዉት ስለተሻላቸው ብቻ አይደለም። የሆነ ነገር አስቸግሯቸው፣ ለመናገር አፍረው ነው። አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ሊያብጥ ይችላል። ሌላው የግፊት ኪኒን ኤናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ ያ ሳል ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል። ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው፦ «እማ፣ ያኔ ኪኒኑ ምን አድርጎሽ ነበር?» ካስቸገራቸው ለሐኪሙ ይነገር፣ በሌላ ይቀየራል። ዝም ብሎ መተው ነው ክፉው።

አንድ የማስጠነቅቅሽ ነገር፦ ቀጠሮ ለማግኘት ብላችሁ ግፊቱን በአንድ ቀን ለማውረድ አትሞክሩ። «ዛሬ ሁለት ትዋጥ» አይባልም። ለዓመታት ከፍ ያለ ግፊት የለመደ ጭንቅላትና የዓይን ነርቭ በድንገት ሲወርድበት ደም ያጥረዋል። በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይውረድ።

በየቤቱ ማሽን ያለው ሰው አይጠፋም፤ ተዋሽ። ከመለካታችሁ በፊት ሽንት ቤት ይሂዱ፣ ወንበር ላይ ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። እግራቸውን አያነባብሩ። ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትክክል ይረፍ። እያወሩ አይለካም። ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት ይለፍ።

ቡናውን ካነሳሁ አይቀር። በጅማ ቡና አትጠጡ ብዬ ብጽፍ ማንም አያነበኝም፤ እኔም አልልም። በልኩ ቡና ልብን አይገድልም። ችግሩ ጨው ነው። እናትሽ እንደ ብዙ የአካባቢያችሁ እናቶች ቡና በጨው የሚጠጡ ከሆነ፣ በየስኒው የምትገባዋ ቁንጥር ከአቦል እስከ በረካ፣ ጠዋትና ማታ ስትደመር ቀላል አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ይህም የወጡን፣ የሽሮውን፣ የዳቦውን፣ ወጥ ውስጥ የሚጣለውን የሾርባ ኩብ ሁሉ ጨምሮ ነው። ጨዉ ከቡናው ይውጣ። መጀመሪያ ይጎረብጣል፣ ከዚያ አፍ ይለምዳል።

ጫትም አለ። የሚቅሙ መሆን አለመሆናቸውን አልነገርሽኝም፤ የሚቅሙ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንም ግፊትንም ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። የመን ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋር አያይዘውታል። ቅሞ የመጣ ሰው ግፊቱ ሲለካ የሚወጣው ቁጥር ሐኪሙንም ያሳስታል። በአብሮ መቃም የሚገባው የሰው ሲጋራ ጭስም እንደዚሁ ነው። ለእናትሽ ማኩላ ከዚያ ክፍል መራቅ ከማንኛውም ቫይታሚን ይበልጣል።

ወደ ቫይታሚኑ ልለፍ። አክስትሽ ከልባቸው ነው የላኩት፤ አመስግኚያቸው። ነገር ግን ሞራን የሚያስወግድ ቫይታሚን የለም። ለማኩላ ግን በጥናት የተደገፈ አንድ ቅንብር አለ፤ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ሉቲንና ዚያዛንቲን ያለበት። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ከዚያ ተሻሽሎ በ2013 አሜሪካ ውስጥ በተካሄዱ ትልልቅ ሙከራዎች የተፈተሸ ነው። የሚጠቅመው መካከለኛ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው ነው። ወደ ከባዱ ደረጃ የመሄድን ዕድል ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ የጠፋውን አይመልስም። ገና መጀመሪያ ላይ ላለ ሰው ጥቅሙ አልታየም። ስለዚህ ብልቃጡን ለዓይን ሐኪሙ አሳዪ። ቤታካሮቲን የሚል ከተጻፈበትና የሚያጨስ ወይም ያጨስ የነበረ ሰው ከሆነ አይነካውም፤ የሳንባ ካንሰርን ሊጨምር ይችላል። ሉቲን እንደሆነ መርካቶ ሂርማታ በእስር የሚሸጠው ጎመን ሞልቶታል። እሱን በጥቂት ዘይት፣ ጨው ቆጠብ አድርገሽ ሥሪላቸው።

የጎረቤታችሁ ጠብታ። ዛሬውኑ መልሺላት። አታስቀይሚያት፣ ግን መልሺላት። ጎረቤትሽ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ፣ ብዙ ጊዜ ከዓይን የውስጥ ግፊት ጋር የሚያያዝ በሽታ) ካለባት ጠብታው ምናልባት ቲሞሎል ይሆናል። ዓይን ላይ የተደረገ ጠብታ ዓይን ውስጥ ብቻ አይቀርም። በእንባ መውረጃው ወደ አፍንጫ ይወርድና ከዚያ ቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። ቲሞሎል የልብ ምትን ያዘገያል። አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጣ፣ የደከመ ልብን ሊያባብስ ይችላል። ልባቸው ገና ያልታየ ሰው ይህን በውሰት አይጀምርም። ጠብታው ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ደግሞ ሞራን ያፋጥናል፣ የዓይንን የውስጥ ግፊት ይጨምራል። ብዙ ሰው ዓይንና ልብ የሚገናኙት በበሽታ ብቻ ይመስለዋል። በመድኃኒትም ይገናኛሉ። በሐኪም የታዘዘላችሁ ጠብታ ሲኖርም፣ ካደረጋችሁ በኋላ ዓይን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል መጫን ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሰዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ካንቺ የሚጠበቀው አንድ ሥራ አለ። የዓይን ሐኪማቸውና የግፊት ሐኪማቸው በአካል አይገናኙም። አንዱ ካርድ አንድ ክፍል፣ ሌላው ካርድ ሌላ ክፍል ይቀመጣል። ወረቀቱን የምታመላልሺው አንቺ ነሽ። አንድ ደብተር ግዢ። የሚወስዱትን ኪኒን ስምና መጠን፣ የሚያደርጉትን ጠብታ፣ የተለካውን ግፊት ከነቀኑ፣ የዓይን ሐኪሙ ያየውን ጻፊበት። ለዓይን ስትሄዱም ለልብ ስትሄዱም ይዘሽው ግቢ። ለምሳሌ አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ የዓይን ሐኪሙ ሊያውቅ ይገባል፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡት። ወደፊት ማኩላቸው ወደ እርጥቡ ተለውጦ በዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ቢታዘዝላቸው፣ በቅርብ ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም ከነበረ ከመርፌው በፊት መነገር አለበት።

ቤት ውስጥ የምትከታተይው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ቀላል ነው። ባለ ካሬ ደብተር አንድ ገጽ መሃል ላይ ነጥብ አድርጊ። የማንበቢያ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቀኝ ዓይናቸውን ሸፍነው በግራው ነጥቡን ይዩ። መስመሮቹ ቀጥ ብለው ከታዩ ጥሩ። ከተጣመሙ፣ ከሞገዱ ወይም መሃል ላይ ጥቁር ከታየ፣ ያ የእርጥቡ ዓይነት መጀመሪያ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሳምንት የዓይን ሐኪም ይያቸው። የበሩ መቃን ወይም የኮርኒሱ ጠርዝ ጎብጦ ከታያቸውም እንደዚሁ።

ሁለተኛው ከባድ ነው። አንድ ቀን በአንዱ ዓይናቸው ጥቁር መጋረጃ የወረደ ያህል ሆኖ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ቢመለስ፣ «ተመለሰ አልሐምዱሊላህ» ብላችሁ እንዳትተዉት። ሕመም የለውም፤ ለዚህም ነው ሰው የሚንቀው። ከአንገት ወይም ከልብ የመጣ የረጋ ደም ለአፍታ ዘግቶ ያለፈ ሊሆን ይችላል። ስትሮክ ከኋላው ሊከተል ይችላል። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው። ካልተመለሰም በዚያው ሰዓት።

የወንድምሽ አሳብ ከፍቅር የመጣ ነው፣ ግን ችግሩን አይፈታም። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ አዲስ አበባ ስትደርሱ እዚያም መጀመሪያ የሚለካው ግፊታቸው ነው። 190 ከሆነ እዚያም ይመለሳሉ። ካልመለሷቸው ደግሞ እኔ እፈራለሁ። ጅማ ደግሞ ለዓይን የምትታማ ከተማ አይደለችም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ነው፤ የሕክምና ማዕከሉ የዓይን ክፍልም የግፊትና የልብ ክትትልም በአንድ ግቢ አለው። የታክሲና የአልጋ ገንዘቡ ለመድኃኒትና ለምርመራ ይዋል።

የቀረው እሳቸውን ማሳመን ነው። «የልብ በሽተኛ ነሽ» የሚለውን ቃል ከቤታችሁ አውጡት። «ዓይንሽን ለመሥራት ግፊቱ ይውረድ ብለዋል» በያቸው፤ ይህ እውነትም ነው፣ የሚፈልጉትንም ነገር ፊት ያስቀድማል። «አላህ ያለው ይሁን» ላሉት፣ ከእኔና ካንቺ ይልቅ የሚያከብሯቸው የሰፈር ሰው ካሉ «ግመልህን እሰር፣ ከዚያ በአላህ ተመካ» የሚለውን ሐዲስ እንዲያስታውሷቸው አድርጊ። ረመዳን ከገባ ደግሞ ኪኒኑ በቀን አንዴ የሚወሰድ እንዲሆን ሐኪሙን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በሱሑር ወይም በፍጡር ሰዓት ይወሰዳል።

ግፊቱ ለጥቂት ሳምንታት ተረጋግቶ ሲቆይ ደብተሩን ይዘሽ ወደ ዓይን ክፍሉ ተመለሺና አዲስ ቀጠሮ አስይዢ። በኦፕሬሽኑ ጠዋት የግፊት ኪኒናቸውን ይውሰዱ አይውሰዱ የሚለውን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ «በትንሽ ውሃ ይውሰዱ» ነው። «ባዶ ሆድሽን ነይ ተብለሻል» ተብሎ ኪኒኑም አብሮ ስለሚቀር ነው ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀጠሮም የሚመለሰው።